ከጓደኞች ጋር ቅዳሜና እሑድን ውቅያኖስ ዳር፦ ስለ ዓሣ ማጥመድና ድንኳን ጥሎ ስለ ማደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለመጀመሪያ ጊዜ ውቅያኖስ ዳር ሊያድሩ የሚነሡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዘንግና ስለ መንጠቆ ነው። እሱም ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን ስለ ውሃው ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ሐይቅ ዳር የለመደ ሰው ማታ የተወውን ውሃ ጠዋት እዚያው አገኘዋለሁ ብሎ ያስባል። ውቅያኖስ እንደዚያ አይደለም። ድንኳኑ የት ይተከል፣ ዓሣው መንጠቆ መቼ ይነክሳል፣ መቼ እንተኛ፣ መቼ እንነሣ የሚለው ሁሉ ከውሃው መምጣትና መሄድ ጋር የተያያዘ ነው።

ባሕሩ ይሞላል፣ ይጎድላል ሲባል ምን ማለት ነው?

ዋናዋ ምክንያት ጨረቃ ናት። ፀሐይም ታግዛታለች። በሁለቱ ስበት የተነሣ ውሃው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። በአብዛኛው ዳርቻ በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላባቸው ዳርቻዎችም አሉ። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሞላ ባሕር እሑድ የሚሞላው ወደ 12፡50 ገደማ ነው። በየቀኑ ወደኋላ ይሸሻል ማለት ነው። ቅዳሜ ያያችሁትን ሰዓት እሑድ ላይ እንዳለ አትድገሙት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ውሃው የሚሞላው በእኩል ፍጥነት አይደለም። ዓሣ አጥማጆች በ12 ከፍለው ያስቡታል። በመጀመሪያው ሰዓት ከ12 እጁ 1፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 3 3፣ በአምስተኛው 2፣ በመጨረሻው 1። ግምት ነው፣ ግን ጥሩ ግምት ነው። መሐል ባሉት ሁለት ሰዓቶች ብቻ የሙላቱ ግማሽ ይመጣል። አሸዋ ጉብታ ላይ ቆሞ “ውሃው ገና ነው” ሲል የነበረ ሰው በድንገት የሚከበበው በዚህ ነው። ከጉብታው ጀርባ ያለው ዝቅተኛ ቦታ ቀድሞ ይሞላና መመለሻ ያሳጣዋል።

ልዩነቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይራራቃል። ካናዳ ውስጥ በፈንዲ የባሕር ወሽመጥ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በአብዛኛው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ደግሞ ከጉልበት አይዘልም። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያያችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ። የምታድሩበትን ዳርቻ የሙላትና የጉድለት ሰዓት ሰንጠረዥ እዩ።

ቀኑን በምን እንምረጥ?

ሁሉም የሚመቸው ቅዳሜ ከተገኘ በኋላ የሙላት ሰንጠረዡን፣ የነፋሱን ትንበያና የሞገዱን ትንበያ እዩ። ሦስቱንም በስልክ ማየት ይቻላል።

ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል። ውሃው በኃይል ይሄዳል። ጨረቃዋ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ረገብ ይላል። ልምድ ያላቸው አጥማጆች የበረታውን ውሃ ይወዱታል፣ ዓሣውን ያነቃቃዋልና። ለጀማሪ ቡድን ግን የግማሽ ጨረቃውን ሰሞን እመርጣለሁ። ከውሃው ጋር ለመተዋወቅ ጊዜ ይሰጣል።

የሞገድ ትንበያ ስታዩ ቁመቱን ብቻ አትመልከቱ። በሁለት ሞገድ መካከል ስንት ሴኮንድ እንዳለም ይጻፋል። 1.5 ሜትር ሆኖ በየ6 ሴኮንዱ የሚመጣና 1.5 ሜትር ሆኖ በየ14 ሴኮንዱ የሚመጣ ሞገድ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ከሩቅ የመጣ ነው፣ ብዙ ኃይል ይዟል፣ ዳርቻው ላይ ወደ ላይ ርቆ ይወጣል። ሰማዩ ጠራ፣ ነፋስ የለም ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ስንት ሰው ብንሆን ይሻላል?

ከአራት እስከ ስድስት አሪፍ ነው። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሌሎቹ እርዳታ ይጠራሉ። ከቁጥሩ የሚበልጠው ግን ከመነሣታችሁ በፊት የምትስማሙበት ነገር ነው። ማንም ሰው “ይቅርብን፣ እንመለስ” ካለ ያለ ክርክር ትመለሳላችሁ። ምክንያት አይጠየቅም፣ አይሾፍበትም። ባሕር ዳር ብዙ አደጋ የሚደርሰው አንዱ ፈርቶ ሳለ ጓደኞቹ ፊት መናገር አፍሮ ዝም ስላለ ነው። ይህን ስምምነት በቤታችሁ ሳላችሁ ጨርሱት። ውሃው ዳር ደርሳችሁ፣ ሁሉም ሙድ ውስጥ ገብቶ ሳለ ለመነጋገር ይከብዳል።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

በብዙ አገር አዎ። ለማጥመድም፣ ለማደርም። መጠኑ ያልደረሰ ዓሣ መልቀቅ፣ በቀን ከተወሰነ ቁጥር በላይ አለመያዝ፣ በመራቢያው ወቅት አለመንካት የተለመዱ ሕጎች ናቸው። ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ሕግ አንብቡ። ማስመሪያም ያዙ።

ከዳርቻ እናጥምድ ወይስ ጀልባ እንያዝ?

የመጀመሪያችሁ ከሆነ ከአሸዋ ዳርቻ ጀምሩ። ጀልባ ካማራችሁም ፈቃድ ያለው፣ ቦታውን የሚያውቅ ነጂ ያለበትን ያዙ። ላይፍ ጃኬት ይለበሳል። መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ላይፍ ጃኬት ለወደቀ ሰው አይደርስም። ነጩ አረፋ በየሞገዱ አናት ላይ በብዛት መታየት ከጀመረ ነፋሱ በሰዓት ከ20 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ደርሷል ማለት ነው። በትንሽ ጀልባ ጀማሪ ይዞ የሚወጣበት ሰዓት አይደለም።

ስልክ ከዳርቻው ራቅ ሲባል ይጠፋል። ጀልባው የባሕር ሬዲዮ ይኑረው። ቻናል 16 በዓለም ዙሪያ የጭንቅ ጥሪ የሚሰማበት ነው። የብስ ላይ ለሚቀር ሰውም ወዴት እንደምትሄዱ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩት። በዚያ ሰዓት ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውልም ይወቅ።

ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ወዲያው ለመዋኘት መሞከር የለበትም። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሽ ታሳጣለች፣ አፍን አስከፍታ ውሃ ታስውጣለች። በጀርባ ተንጋሎ፣ ፊትን ወደ ሰማይ አድርጎ ትንፋሽ እስኪመለስ መንሳፈፍ ነው። ከዚያ በኋላ እጅና እግር በደንብ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ጀልባውን ለመያዝ የሚሞከረው ያኔ ነው።

ለሚያቅለሸልሸው ሰው፦ ክኒኑ የሚሠራው ከመሳፈር በፊት ሲወሰድ ነው። ጀልባው ላይ መሐል አካባቢ ተቀምጦ አድማሱን መመልከት ይረዳል። ስልክ ማየት ያባብሰዋል።

ከቋጥኝ ላይ ማጥመድስ?

ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም። ቋጥኝ ላይ ያለ አጥማጅ የሚወሰደው ባልጠበቀው ትልቅ ሞገድ ነው። ሞገዶች በቡድን ይመጣሉ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ጸጥ ያለ ቦታ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ይጠራረጋል። የግድ ከሆነ ከላይ ሆናችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ ተመልከቱ። ቋጥኙ እርጥብ ከሆነ ሞገዱ እዚያ ይደርሳል፣ በቃ። ጀርባችሁንም ለባሕሩ አትስጡ።

ምን ዓይነት ዕቃ እንያዝ?

ከአሸዋ ላይ ለመወርወር ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም ዘንግ ይመቻል። ርዝመቱ ሁለት ጥቅም አለው። ርቆ ይወረውራል፣ ክሩንም ከሚሰበረው ሞገድ በላይ ይይዝላችኋል። ክሩ የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛ ጨው የሚችል ይሁን። ክሩ 0.35 ወይም 0.40 ሚሊ ሜትር የሆነ ናይለን ቢሆን ለጅምሩ ይበቃል። ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ ከ90 እስከ 150 ግራም የሚመዝን፣ እንደ ፒራሚድ የሾለ ይሁን። ክቡ እርሳስ አሸዋ ላይ ይንከባለላል። የሾለው ቆንጥጦ ይቆያል።

መንጠቆውን በተመለከተ ሰርክል ሁክ የሚባለውን ክብ መንጠቆ እንድትይዙ አጥብቄ እመክራለሁ። ጫፉ ወደ ራሱ ዘንግ ታጥፏል። ዓሣው ውጦት ዞሮ ሲሄድ መንጠቆው ከሆዱ ተንሸራቶ ይወጣና በአፉ ጥግ ይይዛል። ትንሽ ዓሣ ብትይዙ ሳትጎዱት መልቀቅ ትችላላችሁ። ለጀማሪ የሚከብደው አንድ ነገር አለው። ዘንጉ ሲጎብጥ እጅ በደመ ነፍስ ወደ ላይ መንጨቅ ይፈልጋል። በዚህ መንጠቆ ስትነጭቁት ከዓሣው አፍ ይወጣል። ዝም ብላችሁ ክሩ እስኪወጠር ጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ አጠንጥኑ። ምግቡንም አታብዙበት። የመንጠቆው ጫፍ ተሸፍኖ ከቀረ አይዝም። የስኩዊድ ቁራጭ፣ ሽሪምፕ፣ ሳርዲን ሁሉም ይሆናሉ። ስኩዊድ ጠንካራ ስለሆነ ሲወረወር አይፈታም።

ፒንሳ፣ ቢላ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው፣ አሸዋ ላይ የሚተከል የዘንግ ማቆሚያና መነጽር አትርሱ። መነጽሩ ለፀሐይ ብቻ አይደለም። ክር ተበጥሶ እርሳስ ወደኋላ ሲፈናጠር ዓይን ያድናል። የሚጠጣ ውሃ በቀን ለአንድ ሰው 4 ሊትር አስቡ።

የት እንወርውር? ዓሣውስ መቼ ይነክሳል?

ባሕሩ ጎድሎ ሳለ መጥታችሁ ዳርቻውን ተመልከቱት። አሸዋው ዝም ብሎ የተዘረጋ ይመስላል እንጂ ጉድጓድና ቦይ አለው። በስልክ ፎቶ አንሱት። ውሃው ሲሞላ ቦዮቹ ይሸፈናሉ፣ እናንተ ግን የት እንዳሉ ታውቃላችሁ። ትናንሽ ሸርጣኖችና ዓሣዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ትልቁም እነሱን ፍለጋ ይገባል። ከሞላ በኋላ ቦዩን የምታውቁት ሞገድ ስለማይሰበርበት ነው። ግራና ቀኙ ነጭ አረፋ ሲሆን እሱ ጠቆር ብሎ ጸጥ ይላል።

ሰዓቱ በአመዛኙ ከሙላቱ ሁለት ሰዓት በፊትና ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ይህ ከንጋት ወይም ከምሽት ጋር ከገጠመ በጣም ጥሩ። ሙሉውን ቀን ዘንግ ይዛችሁ አትቁሙ። ውሃው ሲጎድል ብሉ፣ ተኙ፣ ተጫወቱ።

ያ ጸጥ ያለ ቦይ ለመዋኘት ይመቻል?

አይመችም። ይህን ጥያቄ የምወደው ብዙ ሰው ስለማይጠይቀው ነው። ሞገዱ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ ተመልሶ ወደ ባሕር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቦይ ነው። ጠቆር ያለው፣ አረፋ የሌለው፣ ልጅ ይዞ ለመግባት የሚያምረው ቦታ ሰውን ይዞ የሚወጣው ነው።

ከወሰዳችሁ ወደ ዳርቻው ቀጥ ብላችሁ አትታገሉ፣ ትደክማላችሁ። ውሃው ወደ ታች አይስብም፣ ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሥታችሁ ጥሩ። አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙና አረፋ ባለበት በኩል ተመለሱ። ዳር የቆመው ጓደኛ ደግሞ ዘሎ መግባት የለበትም። የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውር። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፣ የበረዶ ሳጥን፣ ያለው ሁሉ ይሆናል። ሊያድን ገብቶ የሚሞት ሰው ብዙ ነው።

ድንኳኑን የት እንትከል?

የመጨረሻው ሙላት አሸዋው ላይ መስመር ይተዋል። የደረቀ የባሕር ሣር፣ ስንጥር እንጨት፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት። አንዳንዴ ሁለት መስመር ታያላችሁ። ወደ የብስ ጠጋ ያለውና ያረጀው በበረታ ሙላት የተተወ ነው። ከዚያም በላይ ትከሉ። ከገደል ሥር ግን አይሆንም፣ ድንጋይ ይወርዳል። ሣር የያዘው የአሸዋ ክምር ላይም አትውጡ። ሣሩ ከተረገጠ ይሞታል፣ አሸዋውም ይበተናል።

ተራ ካስማ አሸዋ ውስጥ አይቆምም። ትንሽ ከረጢት አሸዋ ሙሉ፣ የድንኳኑን ገመድ አንገቱ ላይ እሰሩ፣ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ አሸዋውን በእግራችሁ ጠቅጥቁ። ገመዱን ስትስቡት አይነቃነቅም። ከባሕር የሚመጣ ነፋስ ሌሊት አቅጣጫ ስለሚቀይር አራቱንም ማዕዘን እንዲህ አድርጉ። በር ከነፋሱ ይዙር።

የባሕር ኤሊ እንቁላል የሚጥልበት ዳርቻ ከሆነ ማታ ወደ ባሕሩ የሚያበራ መብራት አጥፉ። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች በብርሃን ተስበው መንገድ ይስታሉ።

እሳት ማንደድ እንችላለን?

ከተፈቀደ። ባሕር የተፋውን እንጨት ግን ለምግብ አትጠቀሙበት። ጨው የጠጣ እንጨት ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ደረቅ እንጨት ይዛችሁ ሂዱ ወይም በጋዝ ምድጃ አብስሉ።

እሳቱን በአሸዋ አልብሳችሁ አትሂዱ። ፍሙ ከሥር ለሰዓታት ይቆያል። ከላይ ሲያዩት ተራ አሸዋ ነው። ጠዋት በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። በባልዲ ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ እያማሰላችሁ፣ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሙቀት እስኪጠፋ አጥፉ።

ከሰልም ሆነ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም፣ ቢበርዳችሁም፣ በሩ ክፍት ቢሆንም። ጭሱ ጠፍቶ እንኳ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃም።

የያዝነውን ዓሣ ምን እናድርገው?

ለመብላት የያዛችሁትን ቶሎ ግደሉ፣ ሲንደፋደፍ አትተዉት። ለዓሣውም ይሻላል፣ ለሥጋውም። ከዓይኖቹ ትንሽ ከፍ ብሎ በዱላ አንዴ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። ከዚያ ስንጥቡን ቆርጣችሁ ደሙ እንዲፈስ ባልዲ የባሕር ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አኑሩት። ሆድ ዕቃውን አውጡ። ቀጥሎ ወደ በረዶው። ለአንድ እጅ ዓሣ ሁለት እጅ በረዶ ያዙ። በረዶው ላይ ጥቂት የባሕር ውሃ ብታፈሱበት ዙሪያውን ስለሚነካው ቶሎ ያቀዘቅዘዋል።

ቱና፣ ማኬሬልና የመሳሰሉት ፀሐይ ላይ ከቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል። ማብሰል አያጠፋውም። የበላው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ስለዚህ ከ4 ዲግሪ በታች ይቆዩ።

መብላት የሌለብን አለ?

ሆዱን የሚነፋውን ዓሣ፣ ፐፈርፊሽ፣ ጨርሶ አትንኩት። መርዙ በማብሰል አይጠፋም። በሞቃት አገር ኮራል ሪፍ በሚባለው የባሕር ውስጥ ቋጥኝ ላይ የሚኖሩ ትልልቅ አዳኝ ዓሣዎች፣ በተለይ ባራኩዳ፣ ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። ሽታም ጣዕምም የለውም። የተመረዘ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ያቃጥለዋል። የአካባቢው አጥማጆች የማይበሉትን ዓሣ እናንተም አትብሉ። ጥሬ ዓሣ ደግሞ ዳርቻ ላይ ይቅር። ትል ሊኖረው ይችላል።

ሰው ቢጎዳስ?

መንጠቆ ቆዳ ላይ ብቻ ከያዘ ይወጣል። ጠልቆ ከገባ፣ ወይም ዓይን አጠገብ ከሆነ ክሩን ቆርጣችሁ፣ እንዳይነቃነቅ ሸፍናችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እሾኻም ዓሣ ወይም ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ ላይ እሾኽ ያለው ዓሣ ከወጋው ቁስሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይንከር። የሚችለው ያህል ሙቅ፣ ግን ከ45 ዲግሪ ያልበለጠ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ። መርዙ ሙቀት አይወድም፣ ሕመሙ ይቀንሳል። የተጎዳው እግር ሙቀቱን በትክክል ላይለይ ስለሚችል ጤነኛው ሰው በራሱ እጅ ይለካለት። ደረትና ሆድ ላይ የተወጋ ሰው ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። እሾኹም አይነቀል።

ጄሊፊሽ ከነካው በባሕር ውሃ እጠቡት። በንጹሕ ውሃ አይደለም፣ አትሹትም፣ ሽንት የሚባለውንም ተዉት። የተጣበቀውን ክር በወረንጦ አንሡ። መተንፈስ ካቃተው ወዲያው እርዳታ ጥሩ።

ነጎድጓድ ብንሰማ?

ዘንጉን ጣሉት። ብዙ ዘንግ የሚሠራበት ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ዳርቻው ላይ ደግሞ ከእናንተ የሚረዝም የለም። ድንኳን አያድንም። መኪና ውስጥ ግቡና የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ምንም ባንይዝ?

ብዙ ጊዜ ይሆናል። ለዚህ ነው የእራቱን ምግብ ከቤት ይዛችሁ የምትሄዱት። እራታችሁ ዓሣው ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ “አንድ ብቻ ልያዝ” እያላችሁ መመለስ ካለባችሁ ሰዓት በላይ ትቆያላችሁ።

ከተመለስን በኋላ ዕቃውን ምን እናድርግ?

በዚያው ማታ፣ ቢደክማችሁም፣ ጨዉን አጥቡ። ማጠንጠኛውን ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡት። በኃይል የሚረጭ ቧንቧ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሲደርቅ ፍሬኑን አላሉት። ድንኳኑን አራግፋችሁ፣ ዚፑን አጥባችሁ፣ ጥላ ላይ በደንብ ሳይደርቅ አትጠቅልሉት። የተበጣጠሰውን ክር ሁሉ ሰብስባችሁ እንደመጣችሁ አረጋግጡ። ናይለን ክር ባሕር ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል፣ ወፍና ኤሊ ያንቃል። ከመጣል በፊት አጭር አጭር አድርጋችሁ ቆራርጡት።